ከአረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ ጋር ለሚደረገው የደብረ ብርሃን ክርክር የትኞቹን ርእሶች እንምረጥ?

ጠባሴ_09፦
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። በሚመጣው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ የአደባባይ ክርክር እናዘጋጃለን። እንግዳችን የጀርመን አረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ፣ የፌዴራሉ ምክር ቤት የቡንደስታግ አባል ናቸው። በአካል አይመጡም፣ በቪዲዮ ነው የሚገቡት። አዳራሹ 200 ሰው ይይዛል፣ ጊዜው 2 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከእኛ ወገን ሁለት ተከራካሪ ይቆማል። የጀርመንኛ አስተርጓሚ አለን።

ኮሚቴው የሰበሰባቸው ርእሶች ዘጠኝ ደርሰዋል፦ የአየር ንብረት ለውጥ፣ አረንጓዴ አሻራ፣ ባሕር ዛፍ፣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የኑክሌር ኃይል፣ የአውሮፓ የቡና ሕግ፣ ፀረ ተባይ፣ የመንዝ ጓሳ፣ ሰላምና የጦር መሣሪያ ሽያጭ። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ? "ሁሉም ጥሩ ነው" የሚል መልስ አልፈልግም፤ እሱንማ ኮሚቴው ራሱ ብሎታል።

መምህር_ደነባ፦
ዘጠኝ ርእስ በሁለት ሰዓት? እስቲ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው።

ለአንድ ርእስ እንግዳዋ 3 ደቂቃ ይናገራሉ፤ ከነትርጉሙ 6። የእኛው ሰውም እንደዚያው 6። ለመልስ ምት ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ብትሰጡ ከነትርጉሙ 6። ከታዳሚ 4 ጥያቄ በአንድ አንድ ደቂቃ፣ ከነትርጉሙ 8። ለአራቱ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በድምሩ 4 ደቂቃ፣ ከነትርጉሙ 8። ጠቅላላ 34 ደቂቃ። ሦስት ርእስ 102 ደቂቃ ሆነ። የተረፈው 18 ደቂቃ ለመክፈቻ፣ ለመስመር መቆራረጥና ለመዝጊያ ነው፤ እሱም ይበቃል ብዬ አልምልም። ከሦስት በላይ አታስቡ።

ሌላው ችግር፣ እነዚህ ርእስ እንጂ የመከራከሪያ ሐሳብ አይደሉም። "ባሕር ዛፍ" ብላችሁ ብትለጥፉ ሁለቱም ወገን የየራሱን ንግግር አሰምቶ ይወርዳል፤ አይገናኙም። የመከራከሪያ ሐሳብ ግሥ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ማን፣ የት፣ ምን ያድርግ የሚለው በግልጽ ይቀመጥና ሰሚው "እስማማለሁ" ወይም "አልስማማም" ይላል። በጣም የሚበላሸው "መደረግ አለበት" ላይ ነው። ማን ያድርገው? ወረዳው? ክልሉ? ጀርመን? ባለቤቱ ካልተጻፈ ግማሹ ክርክር "ይሄ የእኔ ሥልጣን አይደለም" በሚል ያልቃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሐሳቡን በወረቀት ጻፉና ለስድስት ሰው ስጡ፤ አንድ ገበሬ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ተማሪ ይግቡበት። ስድስቱም አንድ ወገን ከቆሙ ጣሉት። "የአየር ንብረት ለውጥ አደገኛ ነው" ብትሉ የሚቃወም ሰው ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ብትፈልጉ አታገኙም። አረንጓዴ አሻራም በዚሁ ይወድቃል። እንግዳዋ ያደንቃሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ 34 ደቂቃ ሄደ።

ራይን_ማዶ፦
መምህር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ርእስ ስትመርጡ ከእንግዳዋ ወገንም ተነሡ። አንድ ፖለቲከኛ ጥሩ የሚከራከረው ድምፅ የሰጠበት፣ ፓርቲው ዋጋ የከፈለበት ጉዳይ ላይ ነው። ስለ ሌላው ሁሉ የፓርቲውን በራሪ ወረቀት ነው የሚያነብላችሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፓርቲው የተመሠረተው በ1980 ካርልስሩኸ ከተማ ነው፤ በ1983 ቡንደስታግ ገባ፤ በ1993 ከምሥራቅ ጀርመኑ ቡንድኒስ 90 ጋር ተዋሃደ። ሁለት ጊዜ በፌዴራል መንግሥት ውስጥ ተቀምጧል፦ ከ1998 እስከ 2005 እና ከ2021 መጨረሻ እስከ ሜይ 2025፤ ጥምር መንግሥቱ ራሱ የፈረሰው በ2024 መጨረሻ ነው። አሁን ተቃዋሚ ነው። ይህ ለእናንተ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ተቃዋሚ ሰው መንግሥትን ለመከላከል አይገደድም፣ ነገር ግን በሥልጣን ዘመኑ ያደረገውን መካድም አይችልም።

የሚጠየቁበት የራሳቸው ታሪክ ሞልቷል። በ1998 ማግደቡርግ ላይ ቤንዚን በአሥር ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊትሩ 5 ማርክ እንዲገባ ወሰኑ። ምርጫው የዚያው ዓመት ነበር፤ ከ7.3 በመቶ ወደ 6.7 ወረዱ፤ እንደዚያም ሆኖ ሥልጣን ያዙ። በ1999 የሰላም ፓርቲ የሚባለው ኮሶቮ ላይ የጦር አውሮፕላን መላክን ደገፈ፤ በዚያው ዓመት ቢለፌልድ ጉባኤ ላይ ከታዳሚው አንዱ በወረወረው ቀለም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ዮሽካ ፊሸር ጆሮ ተጎዳ። በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ፣ የኢኮኖሚ ሚኒስቴሩን የያዘው ይኸው ፓርቲ ተጠባባቂ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች እንዲመለሱ አደረገ። የመጨረሻዎቹ ሦስት የኑክሌር ጣቢያዎች ደግሞ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ተዘጉ።

የእንግዳዋን ድምፅ ለማየት ሁለት ቦታ ይበቃል። የቡንደስታጉ ድረ ገጽ በስም የተሰጡ ድምፆችን ዝርዝር ያወጣል። አብጌኦርድኔተንቫች የሚባለው ገጽ ደግሞ ዜጎች ለምክር ቤት አባላት የጻፏቸውን ጥያቄዎችና መልሶቻቸውን ያስቀምጣል። የእንግዳዋን ስም ከርእሱ ቃል ጋር ፈልጉ። መልስ ያልሰጡባቸውን ጥያቄዎችም ተመልከቱ።

ጠላ_በርጩማ፦
ራይን ማዶ አንዱን ረሳህ፤ የሥጋውን ቀን። በ2013 ምርጫ የመሥሪያ ቤት መመገቢያዎች በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ እንዳያቀርቡ ሐሳብ አቅርበው አገሩ ተንጫጫባቸው። እኛ ረቡዕና ዓርብ ሁለት ቀን እንጾማለን፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን፣ ማንም አልተንጫጫም። ይሄን ርእስ አድርጉትና እናስተምራቸው።

ራይን_ማዶ፦
ረስቼው አይደለም፤ ለመክፈቻ ቀልድ ይሆናል ብዬ አስቀምጬው ነው። መከራከሪያ ግን አይሆንም፤ እሳቸውም ይስቃሉ፣ እናንተም ትስቃላችሁ፣ ማን ማንን ይቃወማል?

አስተርጓሚዋ፦
የመምህር ሂሳብ ትክክል ነው፤ ትርጉሙ ተከታታይ ከሆነ። እኩል እየተናገሩ ለመተርጎም ድምፅ የማያስገባ ክፍልና ለታዳሚው ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ 200 ማዳመጫ እንደሌላችሁ እገምታለሁ። በቪዲዮ ላይ ደግሞ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለት ሰው እኩል ከጀመረ ሁለቱም ይጠፋል። አወያዩ "ጨርሻለሁ" እስኪባል ለማንም ዕድል አይስጥ።

ከርእስ ምርጫ ጋር የሚገናኘው ሌላ ነው። ሐሳቡ ሲተረጎም ካልቆመ አትምረጡት። ሦስት ምሳሌ ልስጥ። "አረንጓዴ አሻራ" የሚለውን ቃል በቃል ብመልሰው ጀርመናዊ ሰሚ የካርቦን አሻራ ነው የሚመስለው፤ እሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ የሚለቀቀውን በካይ ጋዝ መለኪያ። "የባሕር ዛፍ ደን" ስትሉ እኛ ዘንድ የተተከለም የበቀለም ደን ይባላል። በጀርመንኛ "ደን" ያልኩ እንደሆነ እንግዳዋ ወፍ ዋሻን የመሰለ የተፈጥሮ ደን ያስባሉና "ደን ይጨፍጨፍ ነው የምትሉት?" ብለው ይነሣሉ። "ጓሳ" ደግሞ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። "ጓሳ ይታጨድ" ብትሉኝ የቱን ልበል?

እና ቁጥር አታብዙ። በአንድ ንግግር ከሁለት ቁጥር በላይ ከመጣ ትርጉሙ ላይ ይሳሳታል። ቁጥሮቹን አስቀድማችሁ በወረቀት ስጡኝ።

ሞረትና_ጅሩ፦
ስለ ባሕር ዛፉ ከዕፅዋትና ከአፈር ወገን ልናገር። ከዘጠኙ ሁሉ ለዚህ አገር የሚመጥነው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ግን እንደተለመደው "ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል" በሚለው ከተያዘ ይበላሻል።

እንግዳዋ የሚይዙት የታወቀ ነው፦ የውጭ አገር ዛፍ ነው፣ በአንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚተከለው፣ ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ምንም አይበቅልም፣ እህል የሚያበቅል መሬት ይወስዳል። አብዛኛው እውነት ነው። በተለይ ገበሬው ጠበቅ አድርጎ፣ በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሲተክለው ሄክታሩ 10,000 ችግኝ ይይዛል፤ ሁለት በሁለት ቢሆን 2,500 ነበር። የተጠጋጋው ቀጥ ያለ አጠና ይሰጣል፣ ሻጩ የሚፈልገውም እሱን ነው። ግን ሥሩ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል፤ ከዳሩ ያለው ገብስ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው በጥላና በሥር ሽሚያ ነው። ባለ ማሳው ጎረቤት መልሶ ራሱ ይተክላል፤ እንደዚህ እያለ ጥማድ በጥማድ ይዛመታል። ወሰን ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ የሚያመጣውን ክስ የቀበሌ ሽማግሌዎች ያውቁታል።

የእኛ ሰው የሚይዘው ግን ብዙዎች የማያነሡት ነው፤ ኩበቱ። የደጋው ምድጃ የሚነድበት ሁለት ነገር ነው፣ ኩበትና ባሕር ዛፍ። ከጠባሴ ወደ አንኮበር መንገድም ሆነ ወደ ጅሩ ብትሄዱ ከየደጁ ተጋግሮ የተቆለለው ኩበት ነው። አገር በቀሉ ጽድና ወይራ ለማገዶ እስኪደርስ ዐሥርተ ዓመታት ይፈጃል፤ ባሕር ዛፍ በ5 ዓመት አካባቢ ለአጠና ይደርሳል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ይከልከል ሲባል እዚያው ላይ "እንግዲህ ፍጉ ሁሉ ወደ ምድጃ ይግባ" ማለት እንደሆነ ማሳየት ይቻላል። ይሄ ነው ክርክር። ሁለቱም ወገን አካባቢ ጥበቃ ነው የሚለው፤ አንዱ ምንጩን፣ አንዱ አፈሩን ያድናል።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ሰው ይጠንቀቅ። ደረቅ ኩበት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከመቶ ኪሎ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ዩሪያ ከመቶ ኪሎ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለው። ሲካፈል አንድ ኩንታል ኩበት የሦስት ኪሎ ከሩብ ዩሪያ ናይትሮጂን ብቻ ይዟል ማለት ነው። በናይትሮጂን ብቻ ከተከራከረ እንግዳዋ "ሦስት ኪሎ ማዳበሪያ ግዙና ኩበቱን አንድዱት" ቢሉት መልስ የለውም። የኩበት ትልቁ ዋጋ ብስባሹ ነው፦ አፈሩን ያላላል፣ ውኃ ያቆያል፣ ዝናብ ሲመታው እንዳይታጠብ ይይዘዋል። ዩሪያ ይሄን አይሠራም። ሲነድ ደግሞ ናይትሮጂኑም ብስባሹም በጭስ ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስ፣ ፖታሽና የመሳሰሉት ናቸው፤ እሱንም ብዙ ቤት ጓሮ ይደፋዋል እንጂ ማሳ አይወስደውም። በዚህ ከሄደ ይቆማል።

ለእንግዳዋም ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያላቸውን ጠንካራ መልስ አስቀድመን እንወቅ። ትሪ ሉሰርን የሚባለው ዛፍ በደጋ ይበቅላል፣ ለበግና ለከብት መኖ ይሆናል፣ ግንዱ ይነዳል፣ አፈሩንም በናይትሮጂን ያለማል። "ባሕር ዛፍ ወይም ኩበት ብቻ ነው ያለን" ስንል ይህንን ያመጡታል። የእኛ ሰው የሚመልሰው፣ ትሪ ሉሰርን አጠና አይሆንም፣ ገበያም የለውም የሚለውን ነው። ለጋ ሆኖ በልቅ ግጦሽ ስለሚበላ አጥር ይፈልጋል፤ አጥሩ ደግሞ ከምን ይሠራል? ከባሕር ዛፍ።

ራይን_ማዶ፦
ይሄ ጥሩ ነው። እንግዳዋም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ጀርመን ውስጥ ከጦርነት በኋላ በገፍ የተተከለው ስፕሩስ የሚባል የጥድ ዓይነት ዛፍ ከ2018ቱ ድርቅ ወዲህ በብዙ ቦታ በቅርፊት ጢንዚዛ አልቋል፤ የሃርትስ ተራሮች ግራጫ የሞተ ግንድ ቆመው የሚታዩበት ምክንያት እሱ ነው። "አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክለን የደረሰብንን ተመልከቱ" ይላሉ። የእናንተ ሰው ይህን ከወዲሁ ይወቅ፤ ሳያውቅ ከሰማው ይደነግጣል።

ጓሳ_ጠባቂ፦
የመንዝ ጓሳ ነገር እንዳይወጣ እፈራለሁ፤ እንዳለ ከገባም እፈራለሁ። ምክንያቱን ልበል።

እንዳለ ከገባ መምህር ያሉት የጭብጨባ ርእስ ይሆናል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የውርጭ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት፣ የቀደሙት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው ሕግ ዘግተው ከፍተው የጠበቁት። ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ የቤት ክዳኑም ገመዱም ከዚያ ይወጣል። በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩ ተራቆተ፤ በኋላ ኮሚቴ ተቋቁሞ በ2004 የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ በክልሉ ታወቀ (እነዚህ ሁለቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። አሳታፊ ዴሞክራሲ ከዓለም አረንጓዴ ፓርቲዎች ስድስት መርሆች አንዱ ስለሆነ እንግዳዋ "ይኸው የምንለው" ብለው ያቅፉታል። አለቀ።

ክርክር የሚሆነው ገንዘቡ ላይ ነው። ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ ለክዳን ሣር የሚሄድ ሰው ቀንሷል። ሣሩ ዋጋ ካጣ የሚጠብቀው ሰው ለምን ይጠብቃል? አንዱ መልስ ካርቦን መሸጥ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ እንዲህ ይሁን፦ "የመንዝ ማኅበረሰብ የጓሳን ካርቦን ለአውሮፓ ኩባንያዎች መሸጥ አለበት።" አረንጓዴዎቹ ራሳቸው በዚህ ይከፋፈላሉ። አንዱ "ደን ለሚጠብቅ ሰው ካልተከፈለው አይጠብቅም" ይላል፤ ሌላው "በካዩ ኩባንያ ከድሃ አገር ፈቃድ ገዝቶ መበከሉን ይቀጥላል" ይላል።

አገር ውስጥ ምሳሌ አለ፤ ወላይታ ሁምቦ ላይ ወደ 2,700 ሄክታር ተራቁቶ የነበረ ተራራ አገግሞ በዓለም ባንክ በኩል ካርቦን ሸጧል። ግን ሁምቦ ዛፍ ነው። ጓሳ በአብዛኛው ሣርና ረግረግ ስለሆነ ካርቦኑ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው፤ መለካቱ ውድ ነው፣ ከሽያጩም ላይ ይቆረጣል። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የካርቦኑ ባለቤት ማን ነው የሚለውም ይነሣል። ይህን የሚያውቅ ተከራካሪ ካላገኛችሁ ግን አትንኩት፤ ግማሽ ዕውቀት ይዞ የወጣ ሰው መንዝን ያሳፍራል።

ቀወት_ማሾ፦
እናንተ ደጋውን ብቻ ነው የምታዩት። ከጣርማ በር ወዲህ ያለነውስ?

ፀረ ተባይ ይቆይ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ዋና ጠላቱ ትሪፕስ ነው። ነፍሳቱ ቅጠሉ መካከል ስለሚደበቅ ርጭቱ አይደርሰውም፤ ሰውየው ይደጋግማል፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ የጀርባ መርጫ ይቀላቅላል፣ መጠኑን በክዳን ይለካል፤ ነፍሳቱ ይለምደዋል፤ ቀጥሎ ጠንካራውን ይገዛል። የጠርሙሱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ከርጭት እስከ መሰብሰብ መቆየት ያለበት ቀን ይጻፋል፣ ገበያ ሲጠራ ግን አይጠበቅም። ባዶው ዕቃ ውኃ ይቀዳበታል። ይሄ የእኛ ጥፋት ነው፣ አልደብቅም።

የእነሱ ጥፋት ደግሞ አለ። አውሮፓ ውስጥ ለገበሬ እንዳይሸጥ የታገደ ፀረ ተባይ ከአውሮፓ ተጭኖ ወደ ሌላው ዓለም ይላካል። ፈረንሳይ ከ2022 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ ቀዳዳ ግን አለው፣ የተዘጋጀውን ምርት እንጂ ዋናውን ንጥረ ነገር አያግድም። ጀርመንስ? ራይን ማዶ ይንገረን።

ራይን_ማዶ፦
የተበላሸው እዚያ ነው። የአረንጓዴው የግብርና ሚኒስትር ጄም ኦዝዴሚር በ2022 እንደሚያግዱ አስታወቁ፤ ደንቡ በጥምሩ ውስጥ ተይዞ ሳይወጣ መንግሥቱ ፈረሰ። ስለዚህ እንግዳዋ የፓርቲያቸውን ቃልና ያልተፈጸመውን ሥራ አንድ ላይ ይዘው ነው የሚቆሙት። ሥልጣኑም የፌዴራሉ ነው፤ "እኔን አይመለከተኝም" አይሉም። የቡናው ሕግ ግን የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ የወጣው በ2023፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ የሚል ነው፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። ስለ እሱ ብዙ የሚሉት የላቸውም። ሰሜን ሸዋም የቡና አገር አይደለም፤ ጂማ ወይም ይርጋ ጨፌ ቢሆን ኖሮ አንደኛ ርእስ ነበር።

መምህር_ደነባ፦
ቀወት፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን "ጀርመን ያገደችውን ፀረ ተባይ ወደ ኢትዮጵያ መላክ ታቁም" ብትሉ እንግዳዋ "እስማማለሁ" ይላሉ፣ ጨረሳችሁ። ገልብጡት፦ "ጀርመን ያገደችው ፀረ ተባይ ለኢትዮጵያ ገበሬ መሸጡን መወሰን ያለባት ኢትዮጵያ እንጂ ጀርመን አይደለችም።" አሁን እንግዳዋ መቃወም አለባቸው፤ የእኛው ሰው ደግሞ "መድኃኒቱን ካገዳችሁብኝ ምትኩን ስጡኝ፤ ሽንኩርቴ በትሪፕስ ሲያልቅ እናንተ አትከፍሉኝም" ብሎ ይቆማል። እሱም የሚያስጨንቀው ነገር አለበት፤ ምክንያቱም በእኛ ቁጥጥር ያለውን ጉድለት ራስህ አሁን ዘረዘርከው።

ቀወት_ማሾ፦
እኔ ራሴ የማላምንበትን ወገን ልታስይዙኝ ነው እንዴ?

መምህር_ደነባ፦
ክርክር ማለት እሱ ነው ወንድሜ። ካልፈለግህ ሌላ ሰው ይያዘው፤ አንተ ማስረጃ አዘጋጅ።

ጠባሴ_09፦
የኤሌክትሪክ መኪናውስ? ወጣቶቹ በጣም ይፈልጉታል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ አውሮፓ እንኳ በ2023 ባወጣችው ሕግ ገና በ2035 ነው ያለችው።

ራይን_ማዶ፦
ለመከራከር ይሆናል፤ አረንጓዴው የኢኮኖሚ ሚኒስትር በያዙት መሥሪያ ቤት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው ድጎማ ዲሴምበር 2023 ላይ በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ቆሟል፤ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የ60 ቢሊዮን ዩሮ የአየር ንብረት በጀት ስለሰረዘባቸው። "እኛ አገድን፣ እናንተ ድጎማ አቆማችሁ" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግን ከታዳሚው ስንቱ መኪና ይገዛል?

መምህር_ደነባ፦
ለመጠባበቂያ ያዙት። አንዱ ሐሳብ ፈጥኖ ካለቀ ወይም እንግዳዋ ቀድመው ከተስማሙ ይገባል። ኑክሌሩ ግን ይውጣ፤ የእኛ ሰው ምን ይዞ ይቆማል?

ሞረትና_ጅሩ፦
ስለ ሰላምና ጦር መሣሪያው ማንም አልተናገረም። ሆን ብላችሁ ነው?

ጠባሴ_09፦
ሆን ብዬ ነው የመጨረሻ ያደረግኩት። ራይን ማዶ እንዳለው እንግዳዋ ብዙ የሚጠየቁበት አለ። በ2021 ምርጫ ወደ ጦርነት ቀጣና መሣሪያ አይላክ ሲሉ ቆይተው በ2022 ለዩክሬን ላኩ። ለጀርመን አዳራሽ ግሩም ርእስ ነው። እዚህ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስለ ዩክሬን የሚያወራ ሰው አይኖርም። አወያዩም ሊያስቆመው አይችልም፤ ሐዘን ያለበትን ሰው "ከርእስ ወጣህ" ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም፣ አይገባምም። የሚገባው ሌላ መድረክ ነው፣ በቂ ጊዜ ያለው፣ ትርጉም የማያስፈልገው።

አስተርጓሚዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። በቪዲዮና በትርጉም መካከል ስሜት ያለበት ነገር በግማሽ ነው የሚደርሰው።

ጠባሴ_09፦
ኮሚቴው ዛሬ ተሰብስቦ ይህን ወስኗል። ሐሳቦቹ ከክርክሩ ሁለት ሳምንት በፊት ለእንግዳዋ ይላካሉ፤ የታዳሚ ጥያቄዎች ግን አይላኩም። እንግዳዋ በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ ምልክት አድርገው ይመልሳሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱን "እስማማለሁ" ካሉ አንዱን በመጠባበቂያው እንተካለን።

አንደኛ፦ "በሰሜን ሸዋ ደጋ በእርሻ መሬት ላይ የባሕር ዛፍ ደን መትከልን ክልሉ መከልከል አለበት።"
ሁለተኛ፦ "ጀርመን ያገደችው ፀረ ተባይ ለኢትዮጵያ ገበሬ መሸጡን መወሰን ያለባት ኢትዮጵያ ብቻ ናት።"
ሦስተኛ፦ "የመንዝ ማኅበረሰብ የጓሳን ካርቦን ለአውሮፓ ኩባንያዎች መሸጥ አለበት።" (ለዚህ ተከራካሪ ከመሐል ሜዳ ተገኝቷል፤ ጓሳ ጠባቂ አመሰግናለሁ።)
መጠባበቂያ፦ "ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን የከለከለችው ጊዜው ሳይደርስ ነው።"

ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ነው። ባሕር ዛፉ መጀመሪያ፣ ሰው በጊዜ ይነቃቃ ዘንድ፤ ካርቦኑ መጨረሻ፣ ከባድ ስለሆነና ጊዜ ካጠረ የሚያጥረው እሱ ስለሚሆን።

ጓሳ_ጠባቂ፦
ሁልጊዜ የሚያጥረው መንዝ ነው። ይሁን።

አስተርጓሚዋ፦
አንደኛው ላይ "ደን" የሚለውን አውጡት አላልኩም? "ባሕር ዛፍ መትከልን" ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ላይ "ብቻ" የሚለው ቃል ጥሩ ነው፤ እሱ ነው ክርክሩን የሚያመጣው፣ እንዳይወድቅ። ሦስተኛው ላይ "የጓሳን ካርቦን" ሳይሆን "በጓሳ አካባቢ አፈርና ሣር ውስጥ ያለውን ካርቦን" በሉ፤ ረጅም ነው፣ ግን ጀርመንኛው ላይ ሰው አይሳሳትም።

መምህር_ደነባ፦
ታዳሚውን ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ እጅ አስወጡ። ስንት ሰው ሐሳቡን እንደቀየረ ትቆጥራላችሁ። በሁለት ቀለም ካርድ ቢሆን የበለጠ ነው፤ እጅ ከሆነ ሰው የጎረቤቱን አይቶ ነው የሚያወጣው። ካርዱን ከየቀለሙ 200 አዘጋጁ፣ በየሐሳቡ ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ ቆጣሪ በየረድፉ አንድ ሰው።

ሞረትና_ጅሩ፦
ባሕር ዛፉ ላይ አንድ ነገር በዓይን ይታይ። አንድ ጠረጴዛ ላይ 10 ኪሎ ደረቅ ኩበት፣ ከጎኑ አንድ ሦስተኛ ኪሎ ዩሪያ። ናይትሮጂናቸው ተቀራራቢ ነው። ከዚያ ሁለት ማሰሮ አፈር፣ አንዱ ፍግ የገባበት አንዱ ያልገባበት፣ እኩል ውኃ አፍስሱባቸው። የትኛው ቶሎ ሠርጎ እንደያዘ፣ የትኛው ላዩ ላይ እንደቆመ ከካሜራው ፊት ይታያል። ማሰሮዎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ይዘጋጁ፤ በዕለቱ የተደባለቀ ከሆነ ልዩነቱ አይታይም።

ጠባሴ_09፦
ተስተካክሏል፣ "ደን" ወጥቷል። ማሰሮውን አዘጋጃለሁ። ኩበቱን ማን ያመጣል?

ሞረትና_ጅሩ፦
እኔ አመጣለሁ። ግን ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት፤ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት በካሜራ አይለይም።